በኢስሊው ክፍል የቀደድናቸው መጽሔቶች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ቤቲ እዚሁ ናይሮቢ ኪሊማኒ ወደሚባል ሠፈር ይዛኝ ሄደች። ካሳራኒ ባለችው ቤቴ ብቻዬን ስውል ደስ አይላትም፤ «አክስቴ፣ ነይ እስቲ ከሰው ጋር ዋይ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ሰንብታ ነበር። እሷ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ሴቶች ሰብስባ አሮጌ መጽሔት ወደ ሥዕል ደብተር መለወጥ ታስተምራለች። «አርት ጆርናል» ነው የሚሉት። ማንም ዞሮ የማያየውን መጽሔት ያመጣሉ፤ ገጾቹን ሁለት ሁለት እያጣበቁ ያደነድኗቸዋል፤ ጽሑፉ ደብዘዝ እስኪል ነጭ ቀለም በስሱ ይቀቡታል፤ ከዚያ ከሌላ መጽሔት የቀደዱትን ሥዕል፣ ብጣሽ ጨርቅ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ኪስ ውስጥ የተረሳ ቲኬት ይለጥፉበታል፤ በላዩ ይስላሉ፣ ይሰፋሉ፣ የልባቸውን ይጽፋሉ። ከሀብታሞቹ ሠፈር ከሩንዳ በመኪናዋ የምትመጣ አለች፣ ከእኔ ሠፈር በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲው፣ የምትመጣም አለች። ሁሉም ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ ሲቀድዱና ሲለጥፉ ሳይ ደስ አለኝ፤ እኔ ለእርጅናዬ ወንበር ተሰጠኝና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

የጠርሙሱ ሙጫ ባያልቅ ኖሮ ቀኑ በሰላም ያልፍ ነበር። ቤቲ «ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም» ብላ ወረደችና ከምግብ ቤቱ ወጥ ቤት ዱቄት በውሃ አማስላ፣ በድስት ትኩስ ሙጫ ይዛ ተመለሰች። ድስቱን እግሬ ሥር አስቀመጠችው። እንፋሎቱ ከአሮጌ ወረቀት ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ሲገባ ምን እንደሆንኩ መጀመሪያ አልገባኝም። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። አጠገቤ ያለችው ልጅ አንድ ገጽ ስትቀድ ያ ሽርር የሚለው ድምፅ ወገቤን ቆረጠው። «ቀስ በይ፣ ይሰሙናል» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አክስቴ፣ ኦኬ ነሽ?» አለች ቤቲ።

«ደህና ነኝ።»

«ፊትሽ እኮ ልክ አይደለም። ፖሌ፣ አይዞሽ፣ ሙቀቱ ነው። ውሃ ላምጣልሽ?»

ሙቀቱ አልነበረም። ተነስቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የበረንዳውን ብረት ጨብጬ ታች መንገዱ ላይ የሚያልፈውን መኪና እያየሁ ትንፋሼ እስኪመለስ ቆምኩ፤ ግን የማየው የዛሬውን ኪሊማኒ አልነበረም።

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ የኤርትራ ሰው ነኝ። ትግርኛውን ከእናቴ፣ አማርኛውን ከሠፈር ልጆች ነው የተማርኩት፤ ዛሬም ስቆጣ በአማርኛ ነው የምቆጣው። አገር ቤት ነገሩ ተበላሽቶ የእኛ ቤት ሰው ከዚህም ከዚያም የማይሆንበት ጊዜ ሲመጣ በሞያሌ በኩል ወጣሁ። ናይሮቢ ስገባ ወጣት ነበርኩ፤ እናቴ የሠራችልኝ ቡናማ ሹራብና ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው የፋሽን ኮት ነበረኝ። ያን ኮት አልረሳውም። አዲስ አበባ ሳለሁ ለብሼው ፒያሳ ስወጣ ዓለም የእኔ የሆነች ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ሚቱምባ በሚሉት የልባሽ ጨርቅ ገበያ ላይ እንደ እሱ ያለው ተከምሮ በሳንቲም ሲሸጥ ሳይ አፈርኩ።

ያን ጊዜ ናይሮቢ ሌላ ከተማ ነበረች። ዛሬ ቲካ መንገድ ላይ መኪናው በስንት ረድፍ እንደሚሄድ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ያኔ ከካሳራኒ ወዲያ ቡናና ሳር ነበር፣ ማንም እዚያ እኖራለሁ ብሎ አያልምም። ከምንኖርበት ከኢስሊ ወደ ከተማው መሀል በማታቱ የሚያስገባው ጥቂት ሺሊንግ ነው፤ እሱንም ስናጣ በእግራችን እንሄዳለን። ማታቱው በሩ ላይ ሁለት ሦስት ልጆች ተንጠልጥለውበት፣ የዘፈኑ ድምፅ ደረት እየመታ ይመጣል፤ የዘፈኑን ቃል ሳናውቅ ዜማውን ይዘን እናንጎራጉር ነበር። ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ አንዱ በሺሊንግ ነበር፣ ያውም ትኩሱ፣ ዘይቱ ጣት የሚያስልሰው። ሴቶቹ ካንጋ የሚሉትን ባለ ሥዕል ጨርቅ አገልድመው፣ ፀጉራቸውን በጥቁር ክር ጠቅልለው እንደ አንቴና አቁመው ያልፋሉ። በቶም ምቦያ ጎዳና ጥግ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሔትና መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። ጎንበስ ብሎ ለማገላበጥ ማንም አይከለክልም፤ እኔ ሳልገዛ አገላብጬ ነበር የምመለሰው። አንድ መጽሔት በሁለት ማንዳዚ ዋጋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማንዳዚውን ነበር የምመርጠው።

ኢስሊ ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር በአንዲት ክፍል እኖር ነበር። ቤቱ የማማ ንጄሪ ነው። ማማ ንጄሪ ባል የሞተባት የግቢው ባለቤት ናት፤ ግቢዋን በኮምፔንሳቶና በቆርቆሮ ከፋፍላ ታከራያለች፣ በር ላይ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ጮክ ብላ ታወራለች፣ ጮክ ብላ ትስቃለች፣ ኪራይ ሲዘገይ ጮክ ብላ ትቆጣለች። አብረውኝ ከሚኖሩት አንዷ እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ የጎንደር ሰው፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ልብስ ሰፊ። ሰሜን ባለው የስደተኞች ካምፕ ተመዝግበው ሙቀቱን አልቻሉትምና ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ ከተማ መጥተዋል። ሌላዋ ሮማን ናት፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልቅ። ሮማን አትናገርም ነበር። መስማት ትሰማለች፣ መረዳትም ትረዳለች፤ ድንበር ከተሻገረች በኋላ ግን ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ያመጧት ሴቶች «መንገድ ላይ የሆነ ነገር ገጥሟታል» ብለው ስሟን ነግረውን ሄዱ። እኛም አልጠየቅናትም። መንገዱን ስለምናውቀው አልጠየቅናትም።

አንድ ሰሞን ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው መሰብሰብ ተጀመረ። ለምን እንደሆነ ሬዲዮው የሚለው ሌላ፣ ሠፈሩ የሚለው ሌላ ነበር። እኛ የምናውቀው ጠዋት ስንነሳ ከመስጊዱ ማዶ ባለው ማዕዘን የጭነት መኪና ቆሞ ማየታችንን ነው። ትናንት ሻይ የሸጠልን ልጅ ዛሬ የለም። ከጎረቤቱ ፎቅ የነበሩት ባልና ሚስት ምንጣፋቸው እንደተሰጣ ቀረ። እትዬ ዘውዴ ከካምፕ የሸሹ ናቸው፤ የእኔና የሮማን የስደተኝነት ማመልከቻ ደግሞ ገና መልስ አላገኘም፤ ሦስታችንም በእጃችን የሚታይ ነገር አልነበረንም።

ማማ ንጄሪ አንድ ጠዋት ገባችና፣ ያች ጩኸታም ሴትዮ በሹክሹክታ አወራች። እሱ ራሱ አስደነገጠን።

«ስሙኝ» አለች፣ ስዋሂሊውን እንድንረዳ ቀስ እያደረገች። «ጠዋት በሩን ከውጭ እቆልፈዋለሁ። ጓጉንቸር ያለበትን ቤት አልፈው ነው የሚሄዱት፤ ሰው የለም ይላሉ። ማታ እከፍትላችኋለሁ። ቀን ግን ኪምያ! ዝም። ጎረቤትም አይሰማ፤ ጎረቤት አፍ አለው።»

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞረው «ምን አለች?» አሉ።

«ሊቆለፍብን ነው።»

እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ይሁን፤ ከመኪናው ይሻላል» አሉ። ሮማን የሁለታችንንም አፍ ስታይ ነበር። ጓጉንቸሩ ከውጭ ቀጭ ሲል ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳ ሥር ተኮራመተች።

ፍርሃት ድንገት የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሲያባርርህ፣ ውሻ ሲጮህብህ የሚመጣ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ፍርሃት ቀኑን ሙሉ አብሮን ቁጭ የሚል፣ አብሮን የሚበላ ነገር መሆኑን አየሁ። ሳል ሲመጣ ትራስ ነክሰን ነበር የምንስለው። ሳህን ከሳህን እንዳይጋጭ በጨርቅ ጠቀለልነው። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይንቋቋል፤ በተንቋቋ ቁጥር ሦስታችንም ቀና እንላለን። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፍ እግር ይታየኛል፦ የሕፃን ባዶ እግር፣ የሴት ነጠላ ጫማ። አንዳንዴ ጥቁር ቦት ጫማ ያልፋል። ቦቱ ከበራችን ፊት የቆመ ዕለት ጓጉንቸሩን አንስቶ ሲያንኳኳው ሰማን። ትንፋሻችንን ያዝን። ቦቱ ሄደ። ሮማን ለረጅም ጊዜ ጥርሷን ማስቆም አልቻለችም፤ እትዬ ዘውዴ ድምፁ እንዳይሰማ አገጯን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ። ዛሬም ሰው ከኋላዬ ቁልፍ ሲያንሿሿ ሰውነቴ ይሰበሰባል፤ ቤቲ «አክስቴ ነርቨስ ናት» ትላለች።

ክፍሉ ጥግ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ የመጽሔት ክምር ነበር። ማማ ንጄሪ ኦቾሎኒ የምትጠቀልልበት ነው፤ ማስቀመጫ ስለሌላት እኛ ዘንድ ታኖረዋለች። የስዋሂሊም የእንግሊዝኛም ነበረበት፦ ፀጉር የሚያለሰልስ ቅባት ማስታወቂያ፣ ፍሪጅ፣ ሙሽሮች፣ ሪባን የሚቆርጥ ትልቅ ሰው፣ ፈገግ ያለች ሴት በሳሙና አረፋ። አንድ ቀን እትዬ ዘውዴ ከመሰልቸት አንዱን አንስተው አገላበጡ። ከዚያ ከሻንጣቸው መርፌና ክር አወጡ፤ ሥራ ሳይይዙ መዋል የማይችሉ ሴት ነበሩ። ለእራት ከያዝነው ዱቄት ቆንጥረው ከጠዋቱ ሻይ በተረፈው ሙቅ ውሃ ለወሱት። ሁለት ገጽ አጣበቁ፣ ሌላ ሁለት አጣበቁ። ወረቀቱ እንደ ቆዳ ጠና።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«እኔ ምን አውቄ። እጄ እብድ ሊሆን ነው።»

ለሮማን አቀበሏት። ሮማን መጽሔቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። መቀስ ድምፅ አለው፤ ስለዚህ ወረቀቱን በምላሷ ጫፍ እያረጠበች በጣቷ ቀስ ብላ መቅደድ ጀመረች። እርጥብ ወረቀት ሲቀደድ አይጮህም። ይህን እሷ ናት ያስተማረችን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሦስታችንም ሥራ ይሄ ሆነ። ግድግዳ ተቀብቶ የተረፈ ኖራ በቆርቆሮ ነበረ፤ ገጾቹን በጨርቅ ነጭ ቀባናቸው። ሻይ ቡናማ ቀለም ሆነልን። ከጂኮው፣ ከከሰል ምድጃችን፣ ያነሳነው ከሰል ጥቁር ሆነልን። እትዬ ዘውዴ ከሰፉት ልብስ የተረፈ ብጣሽ ነበራቸው፤ ሐምራዊ፣ የአበባ፣ የሙሽራ ቀሚስ ዳንቴል። እኔ የሳልኩት የአባቴን ጋራዥ ነበር፤ ጎማውን ከአንድ የመኪና ማስታወቂያ ቀድጄ ለጠፍኩት፣ የአባቴን ቱታ ከሰማያዊ ጨርቅ። እትዬ ዘውዴ ሲያዩት «ጢም የለውም?» ብለው ከራሳቸው ፀጉር ቆርጠው ጨመሩበት። ሳቃችን እንዳይሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባን። በዚያ ክፍል ውስጥ የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

የሮማን ገጽ ግን ሌላ ነበር። ከየመጽሔቱ ዓይን ብቻ ቀደደች። የሙሽራዋን ዓይን፣ የትልቁን ሰው ዓይን፣ የሳሙናዋን ሴት ዓይን፤ ሰውነቱን ትታ ዓይኑን እየለየች አንድ ገጽ ላይ ደርድራ ለጠፈቻቸው። ቦታ እስኪያልቅ። ገጹን ገልጣ አሳየችን። ሁሉም ያፈጥጣሉ። እኔ «ይህን ክደኚው» አልኳት፤ እትዬ ዘውዴ ግን መጽሔቱን ወስደው በመስኮት ተብዬዋ ቀዳዳ ብርሃን ሥር ተቀመጡ። ከሐምራዊው ጨርቅ ትንንሽ ቁራጭ እየቆረጡ በእያንዳንዱ ዓይን ላይ ከላይ በኩል ብቻ ሰፉበት፤ ሲያወርዱት የሚጨፈን፣ ሲያነሱት የሚገለጥ የዓይን ቆብ። ለዚያ ሁሉ ዓይን። ቀናት ወሰደባቸው። ሲጨርሱ ለሮማን ሰጥተው፣

«በይ፣ ሲያስጠሉሽ አስተኛቸው» አሏት።

ሮማን አንድ በአንድ አወረደቻቸው። ከዚያ በኋላ ቦት ጫማ በሰማን ቁጥር ያን ገጽ አውጥታ ዓይኖቹን ትዘጋለች፤ መንቀጥቀጧም ቀነሰ። ሌላም ነገር ጀመረች። ከስዋሂሊው መጽሔት ቃል ከሥዕሉ ጋር እየቀደደች ትለጥፍ ነበር። ከውሃው ሥዕል ሥር ማጂ፣ ከዳቦው ሥር ምካቴ። የላምባ ምድጃ አጠቃቀም የሚያሳይ ማስጠንቀቂያም ነበር፤ ነበልባል ተስሎ «ሞቶ» ይላል፣ እሳት ማለት ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለም።

ያ የእሳቱ ቀን ሲነጋ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ማማ ንጄሪ ቆልፋብን ኦቾሎኒ ልታመጣ ገበያ ሄደች። ረፋዱ ላይ ጎረቤት ግቢ በር ሲደበደብ ሰማን፤ የብዙ ሰው ኮቴ፣ የምትለምን ሴት ድምፅ። ሮማን ዓይኖቹን ጨፈነቻቸው። እኛ እንደ ለመድነው ግድግዳ ተጠግተን ተቀመጥን። መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው። ከጀርባችን ባለው ክፍል የምትኖረው ሴት ማንዳዚ እየጠበሰች ነበር፤ ጩኸቱን ልታይ ምድጃዋን ትታ ወጥታለች መሰል። ከኮምፔንሳቶው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍተት ጭስ ገባ። ነጭ ነበር፤ ወዲያው ጠቆረ።

«ዘይት ነው፤ ይጠፋ ይሆናል» አሉ እትዬ ዘውዴ።

እጄን ግድግዳው ላይ ሳደርግ አቃጠለኝ። የመጽሔቱ ክምር ከዚያው ግድግዳ ጋር ነው የተደገፈው። ሄጄ በሩን ገፋሁት፤ ጓጉንቸሩ ይንኳኳል እንጂ አይነቃነቅም። ከበሩ ውጭ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ቦት ጫማዎቹ አሉ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሰውነት አለመጮህን ከተማረ በኋላ ጩኸት በፈቃድ አይመጣም። አየር ብቻ ነው የወጣው። እትዬ ዘውዴን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያማትባሉ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፦ እዚህ ብንሞት ማማ ንጄሪ ማታ መጥታ ስትከፍት ምን ታደርግ ይሆን?

«ሞቶ!» አለ አንድ ድምፅ።

የማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅማ። ጎርነን ያለ፣ ሰፊ፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነበር። «ሞቶ! ሞቶ! ማጂ!» ሮማን በሩን በሁለት እጇ እየደበደበች ትጮኻለች። የምታውቃቸውን የስዋሂሊ ቃላት ሁሉ ጮኸቻቸው፤ ዳቦም ጨምራ። ያኔ የእኔም ጉሮሮ ተከፈተ። ሦስታችንም በሩን እንደበድበው ጀመር። ከጀርባችን የመጽሔቱ ክምር ሲያያዝ እንደ ብዙ ወፍ ክንፍ ፍርር አለ።

የሚሮጥ ኮቴ መጣ። ብረት ብረቱን መታው፤ አንዴ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ያየሁት ነገር ጥቁሩ ቦት ጫማ ነው። ወጣት ፖሊስ ነበር። እትዬ ዘውዴን ከብብታቸው ይዞ ጎተታቸው፣ ሮማንን ገፍቶ አወጣት፣ እኔ ደፍ ላይ ወደቅኩ። ሰዎች በባልዲ ውሃ እየተቀባበሉ ነበር። እሳቱ ሁለት ክፍል በልቶ ቆመ። ሰው አልሞተም። ፖሊሱ እያሳለ፣ ዓይኑን እየጠራረገ መጣና ፊታችን ቆመ።

«ኪታምቡሊሾ?» አለ። መታወቂያ።

እትዬ ዘውዴ ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉለት። እሱም መልሱን ሳያውቀው አልቀረም። ከዚያ እጁ ላይ የተሰበረውን ጓጉንቸር አየው።

«ማን ነው የቆለፈባችሁ?»

ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶናል። ማማ ንጄሪን ስሟን ከጠራን ሰው ደበቀች ተብላ ትታሰራለች። እትዬ ዘውዴ በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊያቸው ቀድመው «እኔ» አሉ።

«ከውስጥ ሆነሽ ነው ከውጭ የቆለፍሽው?»

«እኔ» አሉ እንደገና፤ ሌላ የሚሉት ስዋሂሊ አልነበራቸውም።

ማማ ንጄሪ ያን ጊዜ ደረሰች። ጭሱን ከሩቅ አይታ ሮጣ ነው የመጣችው፤ የኦቾሎኒውን ጆንያ በር ላይ ጣለችው፣ ፈሰሰ። ወደ እኛ ስትመጣ ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለችው ነበር፤ ፖሊሱ አየው። ልትደብቀው አልሞከረችም።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አለች። «ልጆቼ ናቸው።»

«እናት» አለ ፖሊሱ፣ «ልጆችሽን ልታቃጥያቸው ነበር እኮ።»

ማማ ንጄሪ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሄደ እንጃ፤ አለቀሰች፣ ግን ያለ ድምፅ። ሮማን ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ማዕዘኑ ላይ ወደ ቆመው የጭነት መኪና አራታችንንም ወሰዱን። ያን ያህል ስንፈራው የነበረ መኪና ነው፤ ውስጡ ሲገባ ግን የሰው ልጅ ብቻ ነበር፤ ጉልበቱን ያቀፈ፣ ሕፃን የሚያጠባ። ሮማን እጄን ይዛ ወደ እትዬ ዘውዴ ዞረች።

«ዓይኖቹ ተቃጠሉ?» አለች። በአማርኛ የሰማነው የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ተቃጠሉ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዘውዴ። «እንግዲህ አያዩንም።»

ማማ ንጄሪን በዚያው ዕለት አመሻሹ ላይ ለቀቋት። የተቃጠለውን ክፍል ጠገነችው፣ ያን በር ግን ነቅላ ጣለችውና በመጋረጃ አከራየችው፤ እስክትሞት ድረስ በየገናው ኦቾሎኒ ይዤላት እሄድ ነበር፣ ለኦቾሎኒ ሻጭ ኦቾሎኒ ይዞ መሄድ ያስቃት ነበር። እትዬ ዘውዴን ወደ ካምፑ መለሷቸው። ያን ሙቀት አልችለውም ያሉት ሴትዮ እዚያው የልብስ ስፌት ከፈቱ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገቡ፣ የካምፑን ሙሽሮች ሁሉ እሳቸው አለበሱ። የሞታቸው ወሬ የመጣልኝ ፀጉሬ ሸብቶ ካበቃ በኋላ ነው። የእኔና የሮማን ማመልከቻ በሂደት ላይ መሆኑ ተጣርቶ ተለቀቅን፤ ወረቀቱም በስንት መመላለስ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ሰው ሁሉ የኖረው ኑሮ ነው፦ የሰው ቤት ሥራ፣ ከዚያ ትንሽ ሱቅ፣ ከዚያ እህቴን ማስመጣት፣ የእህቴ ልጅ መወለድ። ፍርሃቱ ግን ወረቀት ሲመጣ አልሄደም። ሆቴል ስገባ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው። ሊፍት አልገባም። ቤቴን ስቆልፍ ቁልፉን እንደ ጨበጥኩ ነው የምተኛው። ምክንያቱን ለእህቴም አልነገርኳትም፤ ሰው ሲጠይቀኝ «ልማድ ነው» እላለሁ።

ቤቲ በረንዳው ላይ መጥታ እስክትቆም ድረስ ይህን ሁሉ በሆዴ እያመላለስኩ ነበር። በእጇ የውሃ ብርጭቆ ይዛለች፤ ጣቶቿ ላይ ሙጫ ደርቋል። ያን ያየሁ ጊዜ አላስቻለኝም፤ ነገርኳት። ስጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ዋይ፣ አክስቴ፣ ለምን አልነገርሽንም? ኦል ዚስ ታይም!»

«ምን ብዬ?»

«እንጃ» አለች። ከዚያ እንግሊዝኛም ስዋሂሊም ሳትጨምር «እኔ ብሆን እጮህ ነበር» አለች።

«አንቺ ትጮኺያለሽ» አልኳት። «አንቺ እዚህ ነው የተወለድሽው።»

ሴቶቹ ውስጥ ሆነው የሙጫውን ድስት እየተቀባበሉ ይስቃሉ። ተመልሼ ልገባ ፈለግሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ሮማን ጋ ደወልኩ። ሮማን ዛሬ ንጋራ ሠፈር የፀጉር ቤት አላት፤ አራት ሠራተኛ፣ ሦስት ልጅ፣ የማያልቅ ወሬ። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እንደዋወላለን፤ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆቿ ፈተና እናወራለን። ስለዚያ ክፍል አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

«ሰናይት! ምነው በሥራ ሰዓት? ቆይ አንዷን እያጠብኩ ነው፣ ስሚ ደግሞ ትናንት ያቺ ሴትዮ ምን ብትለኝ...»

«ሮማን» አልኳት። «የዱቄት ሙጫ ሸተተኝ።»

ወሬዋ ተቋረጠ። ከጀርባዋ የፀጉር ማድረቂያው ይጮሃል፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ጥፋት የሠራሁ መሰለኝ፤ ልዘጋው ስል ነው የተናገረችው።

«የት ነሽ?»

«ኪሊማኒ። ቤቲ ጋ። ልጆች መጽሔት እየቀደዱ ነው። መግባት አቃተኝ።»

«በሩ ክፍት ነው?»

ዞሬ አየሁ። አንድ ሰው ጫማ ደግፎበት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ክፍት ነው።»

«እንዳይዘጉት ንገሪያቸው» አለች ሮማን። «መጣሁ።»

ወንበሬን ጎትቼ ደፉ ላይ አደረግሁትና እዚያ ተቀምጬ ጠበቅኋት።